ዓሣው ዛፍ ላይ ምን ይሠራል?

ጥርሴን ሲያመኝ ዛሬም ሐኪም ዘንድ ከመሄዴ በፊት ቅርንፉድ እነክሳለሁ። መጀመሪያ ምላሴን ያቃጥለኛል፤ ቀጥሎ ድዴ ይደነዝዛል፤ ከዚያ ሽታው በአፍንጫዬ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ሕመሙ ይተኛና ሌላ ነገር ይነቃብኛል። ትናንት ከሰዓትም እንዲሁ ሆነ። አንዷን ፍሬ ጥርሴ ላይ አድርጌ ዓይኔን ብጨፍን፣ የመርካቶ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰማሁ። ከቆርቆሮው ሥር እትዬ ነበሩ። ጋዜጣውን እንደ ቀንድ ጠቅልለው፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው አጥፈው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «በዓለም ላይ ምን አለ መሰለሽ» ሊሉ ሲሉ አየኋቸው።

ያኔ አንቺ፣ ልጄ፣ አልተወለድሽም። በንጉሡ ዘመን ነው። እትዬ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ነበሩ፤ መርካቶ ቅመም ይሸጣሉ። እኔ ከሸዋ ገጠር ስመጣ ለባል የደረስኩ ልጅ ነበርኩ፤ ሀ እና ለን ግን አልለይም። ሥራዬ ኮረሪማ መፈልፈል፣ አዝሙድ መንፋት፣ ጋዜጣ መቅደድ ነበር። አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ይመጣልናል። እትዬ በመጀመሪያ የፊቱን ቅጠል ይለዩታል። የጃንሆይ ሥዕል ስለማይጠፋበት በርበሬ አይጠቀለልበትም፤ ነውር ነው፤ የሚያስጠይቅም ይመስለን ነበር። እሱን ለቤታችን ግድግዳ እንለጥፈዋለን። በእኛ ቤት ጃንሆይ ከየማዕዘኑ ያዩናል። ለቅመም የሚተርፈው የውስጡ ቅጠል ነው። የዓለም ጉድ የሚወጣው ደግሞ እዚያ ነበር።

መርካቶ ውስጥ ገዢ ከተሰፈረለት በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ሳይል አይሄድም። ሻጭም ከሲኒው በላይ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። ካልጨመረች ስፍሯ ጎዶሎ ነው፤ ገዢዋም ነገ ወደ ጎረቤቷ ያልፋል። የእትዬ ምራቂ ግን አዝሙድ አልነበረም። ሲኒውን ሞልተው ይሰፍሩና፣ መጠቅለያውን ከፍ አድርገው ሥዕሉን ያዩታል፤ ከዚያ ከዓለም አንድ ነገር ይመርቃሉ።

አንድ ቀን ወደ ጎን ያዘነበለ ረጅም ግንብ ነበር። «ይህን የሠራው ግንበኛ ግራኝ ነው» አሉ። «ሲለካም በግራ፣ ሲያቆምም በግራ። ሕንጻው ተከተለው።» ሌላ ቀን በረዶ ላይ የተሰለፉ ጥቁርና ነጭ ወፎች ነበሩ። «እነዚህ የመነኮሱ ወፎች ናቸው። መብረርን የተዉት በስእለት ነው። ክንፍ አላቸው፤ ግን ለዓለም ሞተዋል።» በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት ሴት እንደውም አማተበች። ራሱን በትልቅ የብረት ቆብ የከደነ ባሕር ጠላቂ ሲያዩ ደግሞ፣ በዚያ አገር ዝናብ ስለማያባራ ሰዉ ድስቱን ደፍቶ ገበያ እንደሚሄድ ነገሩን። ያን ጊዜ ክረምት ነበር፤ እትዬን አምነን በዚያ አገር ሰዎች ቀናን።

ማንበብ ይችላሉ ብዬ አምን ነበር። ሁሉም ያምን ነበር። እሳቸው «አነባለሁ» ብለው አያውቁም፤ እኛም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ፊት ለፊታችን ጨው የሚሸጥ ጎልማሳ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሸራውን እየገለጠ፣ «እትዬ፣ ዓለም እንዴት አደረች?» ይላቸዋል።

«ደኅና ናት። እንዳንተ ጨው ዝናብ ሲነካት አትሟሟም።»

«እርስዎ ያሉባት ዓለም መቼ ትሟሟለች! ነገ ደግሞ የሚያርስ ዶሮ አመጣችልን ይሉናል።»

«ቢያርስ ምን አለበት? ካንተ ይሻላል። አንተ እንደሆን ቆመህ ነው የምትውለው።»

መደዳው ሁሉ ይስቃል። ተሸካሚዎቹ «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ጆንያ ተሸክመው በመሃል ሲያልፉ እንኳ ጆሯቸውን ወደ እኛ አዘንብለው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከአማኑኤል ሰፈር የምትመጣ ሴት ነበረች። ነጠላዋ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ የተጠገነ። ባሏ ወደ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ገደል ገብቶ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ጎረቤት ሲጠይቀው አይመልስም፤ እሷ ስታዋራው «እህ» ብቻ ይላል። የእትዬን ወሬ ይዛለት የገባች ቀን ግን ፊቱን መለሰ። እሷ ናት የነገረችን፤ አዝሙዱን እየተቀበለች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ወደ ጎን እያየች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም።

«አዝሙዱን ቢቀንሱትም ግድ የለኝም እትዬ» ትላለች። «ወሬውን ብቻ እንዳይቀንሱብኝ።»

ባልየው ጥያቄ መላክ ጀመረ። ወሬው አንድ ቅዳሜ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥያቄው ይመጣል። «ያ ግራኝ ግንበኛ ግንቡ ሲያዘምበት ታሠረ ወይስ ተሾመ? ጠይቂልኝ ብሏል።»

እትዬ ሲኒውን እንኳ አላስቀመጡም። «ተሾመ እንጂ! ቀጥ ያለውንማ ማንም ያቆመዋል።»

ሴትዮዋ መልሱን በአፏ እየደጋገመች፣ እንዳይፈስባት እንደምትጠነቀቅ ሰው ቀስ ብላ ሄደች። እነዚያ ሁለት ሰዎች፣ እትዬና ሾፌሩ፣ ተያይተው አያውቁም። ግን ሳምንት በሳምንት ይጨዋወቱ ነበር።

ማታ ትምህርት ቤት ያስገቡኝም እትዬ ናቸው። ማንም አልመከራቸውም። «ዓይን አለሽ፤ ለምን ባዶውን ይውላል» አሉኝ። በር ድረስ ያደርሱኛል፤ ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ ይዘው ስወጣ ይጠብቁኛል። ከመምህሩ በቁመት እበልጥ ነበርና አፍሬ ጎንበስ ብዬ ነው የምቀመጠው። ፊደሉ ግን ገባኝ። መምህሩ ቃል ሳልዘል፣ ፊደል ሳልውጥ በማንበቤ ለሌሎቹ ምሳሌ አደረገኝ። ያ ምስጋና ልቤን እንዴት እንዳሳበጠው ልነግርሽ አልችልም። የግድግዳችንን ጃንሆይ ሁሉ ከራስ እስከ ግርጌ አነበብኩ። ቤት ውስጥ የተሳሳተ ነገር የሚናገር ሰው ካለ፣ እኔ ነኝ የማርመው። አሁንም እንደዚያው ነኝ። አንቺም ታውቂኛለሽ።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ።

ከእሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ የጀመረ ነው። ያን ዕለት ሥዕሉ የባሕር ዳርቻ ነበር። ጎበጥ ያለ ዛፍ፣ ከዛፉ ላይ ደግሞ ዓሦች። እትዬ አየት አደረጉና የሾፌሩን ሚስት «ዛፍ የሚወጣ ዓሣ አለ» አሏት። እኔ በዚያ ሰዓት ጆንያ ሳወርድ ነበር፤ ወረቀቱን አላየሁትም። በሳምንቱ ሴትዮዋ መጣች፤ ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ እንደዚያ አይቻት አላውቅም። ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣች። አዝሙዱ አልቆ፣ ቅባት ነክቶት፣ በጥንቃቄ አራት ቦታ ታጥፏል።

«ሳምንቱን ሙሉ ሥዕሉን ሲያይ ነው የከረመው» አለች። «ባሕሩን አውቀዋለሁ ይላል፤ አሰብ ሳለ ዳርቻው ላይ ያድር ነበር። ትናንት ደግሞ 'ቀና አድርጊኝ' አለኝ። ተቀምጦ አየው፤ እትዬ፣ ተቀመጠ! እና ጠይቂልኝ ያለው፣ ዓሣው ዛፍ ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል?»

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ምላሳቸው ላይ ነበር፤ አውቃለሁ፤ የግራ ቅንድባቸው ከፍ ብሎ ነበር። ጨው ሻጩ ቀደማቸው።

«ወፎቹን ሊያጠምድ ነዋ!» አለና ሳቀ። «እናንተ ሰዎች፣ አሁንስ እትዬ አበዙት! ይህቺ ልጅ ማታ ማታ ትማር የለም እንዴ? ታንብብልና! ዓሣው እውነት ዛፍ ከወጣ ለዚህች ሴትዮ አንድ አሞሌ ጨው በነጻ!»

ወረቀቱን ከሴትዮዋ እጅ ላፍ አድርጎ ሰጠኝ። በክፋት አልነበረም፤ እሱ ሰው ማሳቅ ብቻ ነው የሚወደው።

እትዬን አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም። ማንም ያላዘዘውን ጥቁር አዝሙድ መስፈር ጀመሩ። ሲኒውን ሞሉት፤ ደግመው ወደ ጆንያው ገለበጡት፤ እንደገና ሞሉት። ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ለምን ሁልጊዜ ሥዕል ያለበትን ገጽ እንደሚመርጡ፣ ለምን እኔን ሲጠብቁ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው በመስኮቱ ወደ ጥቁር ሰሌዳው እንደሚያዩ። ገብቶኝ ነበር እልሻለሁ። ሳይገባኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ብቻ በሆነልኝ።

«ዓይኔን አሞኛል» ማለት እችል ነበር። «ቅባት ነክቶታል፣ አይታይም» ማለትም እችል ነበር፤ ነክቶት ነበርና ውሸት እንኳ አይሆንም። ግን ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ ተሸካሚው ጆንያውን አውርዶ ቆሟል፤ የጎን ሻጮች አንገታቸውን አውጥተዋል። ሁሉም ከአፌ ይጠብቃል። በሕይወቴ ሰው ከአፌ ጠብቆ አያውቅም።

አነበብኩት። ቃል ሳልዘል፣ ፊደል ሳልውጥ። ወረቀቱ የሚለው፣ የዚያ አገር ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን ዓሣ በፀሐይ ለማድረቅ ከዛፍ ላይ ይሰቅሉታል ነው።

«የሞተ ዓሣ ነው» አልኩ፤ ሳልጠየቅ። «ሰዎቹ ናቸው የሰቀሉት።»

ሳቁ ከጨው ሻጩ ጀምሮ መደዳውን ዞረ። «የተሰቀለ ዓሣ! እትዬ፣ ወንጀሉን ደግሞ ይንገሩን!» አንዱ ከወዲያ «ያ ግንበኛስ እንግዲህ ቀኝ ይሆናላ!» አለ። እትዬም ሳቁ። እንደነሱ ሳቁ፣ ከነሱ ቀድመው አቆሙ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ወረቀቱን ተቀበለችኝና በዚያው አራት እጥፉ ላይ አጠፈችው። «ወፎቹስ?» አለችኝ፤ እትዬን ሳይሆን እኔን። «የመነኮሱት?»

«እሱን አላነበብኩትም» አልኩ።

«አሁን ምን ብዬ ልንገረው?» አለች። ማንንም አልጠየቀችም። መልስም አልጠበቀችም፤ አዝሙዷን ረስታ ሄደች፤ ሮጬ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ በትሕትና፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

ማታ፣ ራት በልተን፣ እትዬ ኩራዙን ወደ እኔ አስጠጉልኝ፤ ሁልጊዜ ለንባብ ያስጠጉልኝ እንደነበረው።

«እንዳለ ነው ያነበብሽው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ምንም አልጨመርሽበትም?»

«ምንም።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ኮርቼብሻለሁ እንደማለት ነበር፤ ከልባቸው ነበር። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ምን ነበረበት። ያቺ «ጎበዝ» እስከዛሬ አልወጣችልኝም።

ከዚያ ወዲህ እንደ ሌላው ሻጭ ሆኑ። «መርቂልኝ» ሲባሉ ቆንጠር ያደርጋሉ፤ እንደውም ከሌላው አብልጠው ይጨምራሉ። ወረቀቱን ሲጠቀልሉ ሥዕሉን ወደ ውስጥ ያዞሩታል። ጨው ሻጩ ራሱ ሳምንት አልቆየም፤ «እትዬ፣ ዓለም ሞተች እንዴ? ቀብሯን ሳንሰማ!» አላቸው። «ደክሟታል» አሉት። እሱም ከዚያ በኋላ ሸራውን ዝም ብሎ ይገልጥ ጀመር። ማታ ማታ ግን እትዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጠበቃቸውን አልተዉም።

ላቃናው ሞከርኩ። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እውነተኛ ወሬ፣ ከጋዜጣ የተገኘ፣ ደግሜ ያየሁት። «ባሕር ውስጥ ሦስት ልብ ያለው እንስሳ አለ» አልኳት።

«ሦስት ልብ?» አለች፤ ፊቷ ትንሽ ፈካ። «በየትኛው ነው የሚያዝነው?»

«እሱን አይልም።»

ወደ እትዬ ዞረች። እኔም ዞርኩ። እትዬ መልሱን ያውቁት ነበር፤ የማይመልሱት ጥያቄ አልነበረም። ኮረሪማውን እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ተማሪዋን ጠይቂያት» አሏት። ሽሙጥ አልነበረበትም። ቦታውን ለባለቤቱ የሚለቅ ሰው ድምፅ ነበር።

በሌላው ቅዳሜ የሰጎን ዓይን ከአንጎሏ እንደሚበልጥ ነገርኳት። «እሺ» አለች። ጥያቄ አልመጣም። እውነቱ ሁሉ በእጄ ነበር፤ አንዱም ግን ሰውየውን ከግድግዳው አላዞረውም። ክረምቱ ሲገባ ሴትዮዋ ቀረች። መስከረም ላይ ጥቁር ለብሳ አትክልት ተራ አየኋት ብሎ የነገረን ጨው ሻጩ ነው። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዋሉ። ያላዩትን ሰው አለቀሱለት።

ወገቡ ነው የገደለው፤ ዓሣው አይደለም። ይህንን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ትክክልም ነው። ትክክል መሆኑ ግን አላሳረፈኝም።

ትምህርቴን ገፋሁ። ዘግይቼ ጀምሬ ዘግይቼ ጨረስኩና ማተሚያ ቤት፣ እርማት ክፍል ተቀጠርኩ። ሌላ ሥራ ሊስማማኝም አይችልም ነበር። ሰው የጻፈውን ስሕተት ቀኑን ሙሉ በቀይ ቀለም ማውጣት፣ ያውም ደሞዝ እየተከፈለኝ። አንድ ቀን ለተማሪዎች የሚታተም የእንስሳት መጽሐፍ ማረሚያ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ቀለሙ ገና እጅ ላይ ይቀራል። በመስመሮቹ ላይ ማስመሪያዬን እያወረድኩ ስሄድ አንድ ቦታ እጄ ቆመ። በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ፣ ዛፎች ሥራቸውን ውኃ ውስጥ በሚሰዱበት ጭቃ ላይ፣ ከውኃ ወጥቶ በክንፎቹ እየተሳበ ዛፍ ላይ የሚወጣ ዓሣ አለ፤ በቀይ ባሕር ዳርቻም ዘመዱ ይገኛል ይላል። አለቃዬን ጠየቅኩ፤ ስሕተት እንዳይሆን። ሌላ መጽሐፍ አውጥቶ አሳየኝ። ሥዕሉም አለ፤ ዓይኑ ከራሱ በላይ ያፈጠጠ፣ ግንድ ያቀፈ ዓሣ።

ሥራ ስለቅ ወረቀቱን ይዤ መርካቶ ሄድኩ። ያን ጊዜ ለብቻዬ ቤት ተከራይቼ፣ በበዓል ብቻ ነበር የምጠይቃቸው። እትዬ እዚያው ቦታቸው ነበሩ፤ አንሰው፣ ጥርሳቸው ሳስቶ። ሰላምታችንን እንኳ አልጨረስኩም፤ ቆሜ አነበብኩላቸው። ቃል ሳልዘል። ጨው ሻጩ ፀጉሩ ሸብቶ ከወዲያ ማዶ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሰማ፤ አልቀለደም።

«እንዳለ ነው ያነበብሽው?» አሉኝ።

«እንዳለ እትዬ። ዛፍ ይወጣል። በሕይወቱ።»

«ዛፉ ላይ ምን ይሠራል ይላል?»

ወረቀቱን አገላበጥኩ። «እሱን አይልም።»

እትዬ ሲኒውን አነሱና ቅርንፉድ ሰፈሩ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ ማረሚያ መሆኑን ሳይጠይቁ፣ እንደ ቀንድ ጠቀለሉት፤ ጫፉን በአውራ ጣታቸው አጠፉት። የግራ ቅንድባቸው ከፍ አለ።

«ባሕሩን ሊያይ ነዋ» አሉ። «ውስጡ ሆኖ ምኑን ያየዋል?»

ከዚያ ቅርንፉዱን እጄ ላይ አኖሩልኝና ቀስ ብለው፣ «ያን ቀን ይህን ልላት ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ወደ አማኑኤል አቀናሁ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስደርስ መሽቶ ሰዉ ወደየቤቱ ይገባ ነበር። በየበሩ አየሁ። የሴትዮዋን ቤት አላውቀውም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ቤትሽ የት ነው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ስሟንም እንኳ። መንገዱ መሃል ቆምኩ፤ ቅርንፉዱ በመዳፌ ሞቆ ይሸት ነበር።